ሕክምና የሚያዝዝ ችሎት

1. በመቀጮና በወህኒ መካከል

ከሐረሩ ጀጎል ምዕራብ ካለው ሸዋ በር ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሾፌር አወዳይን፣ ሐረማያንና አዴሌን አልፎ ደንገጎ ላይ ሲደርስ ቁልቁለቱን ይጋፈጣል። መንገዱ በሙሉ ከ55 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከደንገጎ እስከ ድሬዳዋ ያሉት ጥምዝምዞች ግን ቀልጣፋ እጅና ንቁ ዓይን ይፈልጋሉ፤ ፍሬን ለከዳው ወይም እንቅልፍ ላሸነፈው ሾፌር ማምለጫ የላቸውም።

አንድ ሾፌር በዚህ መንገድ ላይ ጠጥቶ ሲነዳ ተያዘ እንበል። የ2003 ዓ.ም. የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ከ0.8 ግራም በላይ አልኮል ይዞ ማሽከርከርን ከልክሏል። ሾፌሩ ይቀጣል፣ ጥፋቱ በነጥብ ይመዘገብበታል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል። ሰው ከገደለማ ነገሩ ሌላ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት፣ በመጠጥ ወይም በዕፅ ራሱን ስቶ በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ያጠፋ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል።

በመቀጮው ደረሰኝና በ15 ዓመቱ እስራት መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። አምና የተቀጣው ሾፌር ዘንድሮም ጠጥቶ ቢያዝ፣ ለከርሞም ቢያዝ፣ መቀጮው ይከብድበት፣ ፈቃዱም ይነጠቅ ይሆናል እንጂ ለምን እንደሚጠጣ የሚጠይቀው የለም። ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ተብሎ በሌላ አገር የተፈጠረ፣ ዕድሜው ገና ሦስት አሥርት ዓመታትን የተሻገረ የችሎት ዓይነት አለ። በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «ዲደብሊውአይ ኮርት» ይባላል። ሥራው ደጋግሞ ጠጥቶ የሚነዳን ሰው ወህኒ ከመወርወር ይልቅ ለአንድና ሁለት ዓመት ያህል በዳኛ ዓይን ሥር አድርጎ ማሳከም ነው።

2. ቅጣቱ ያልደረሰባቸው

አሜሪካ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ጠጥቶ መንዳትን ከመንገድ ጥፋት አብልጣ አታየውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በእግሯ ስትሄድ ጠጥቶ በሚነዳ ሰው ተገጭታ ሞተች። ሰውየው በተመሳሳይ ጥፋት ቀደም ሲል የተያዘ፣ በዋስ ከወጣም ገና ጥቂት ቀን የሆነው ነበር። የልጅቷ እናት በዚያው ዓመት ያቋቋሙት የእናቶች ማኅበር አገሪቱን አነቃነቀ። በ1984 ዝቅተኛው የመጠጫ ዕድሜ ወደ 21 ከፍ እንዲል የፌዴራሉ መንግሥት ክፍላተ አገራቱን በመንገድ በጀት አስገደደ። በደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል ገደብ ወረደ፣ ቅጣቱ ጠነከረ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ቆሞ ትንፋሽ መለካት ጀመረ።

ብዙ ሰውም ፈራ። ከተፈቀደው መጠን በላይ በጠጡ ሾፌሮች ምክንያት በ1982 ከ21,000 በላይ የነበረው ዓመታዊ የሟች ቁጥር በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 13,000 ገደማ ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ እልህ ያዘ። ጠጥተው ሲነዱ ከሚያዙት መካከል አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ከዚያ በፊትም የተያዙ ነበሩ። ሕግ የሚፈራው ሰው ፈርቶ አቁሟል፤ የቀረው መፍራት የማይችለው ነበር። መንጃ ፈቃዱን ሲነጥቁት ያለ ፈቃድ ይነዳል። ሲያስሩት ይታሰራል፣ በወጣ ማግስት ወደ ብርጭቆው ይመለሳል።

ፍርድ ቤቶቹም በዚህ ጥያቄ ላይ ልባቸው ተከፍሎ ነው የቆየው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1962 የሱስ ሕመምተኛ መሆንን ብቻውን ወንጀል አድርጎ መቅጣት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ሱሰኛ ነው የተባለን ሰው በአደባባይ ሰክሮ በመገኘቱ መቅጣት ይቻላል ሲል ወሰነ። ከሁለቱ ውሳኔዎች የወጣው ትርጉም ሱሱ በሽታ ነው፣ ድርጊቱ ግን ጥፋት ነው የሚል ነበር። በሽታውንም ጥፋቱንም በአንድ ፋይል የሚይዝ ችሎት ግን አልነበረም።

3. ማያሚ፣ ከዚያም ላስ ክሩሴስ

የመጀመሪያው ሙከራ ከመጠጥ ጋር የተያያዘ አልነበረም። በ1980ዎቹ «ክራክ» የተባለው የኮኬይን ዓይነት ፍሎሪዳን ሲያጥለቀልቅ የማያሚ ወህኒ ቤቶች በአንድ ዓይነት እስረኞች ሞሉ፤ የተፈቱት በወራት ውስጥ ተመልሰው ይገቡ ነበር። በ1989 የአካባቢው ፍርድ ቤት ለእነዚህ ተከሳሾች ብቻ ልዩ ችሎት ከፈተ። ዳኛው ፍርዱን አቆይተው ሕክምና ያዛሉ፤ ተከሳሹ በየጊዜው እየቀረበ የሽንት ምርመራ ውጤቱን ያሳያል፤ ጨርሶ ከዳነ ክሱ ይነሳለታል።

ሐሳቡ ፈጥኖ ተዛመተ። በ1994 የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ ለእንዲህ ዓይነት ችሎቶች ገንዘብ መደበ፤ የባለሙያዎቹ ብሔራዊ ማኅበርም የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። በ1997 የችሎቶቹ መለያ የሆኑ አሥር መሠረታዊ ነጥቦች ታትመው ወጡ።

ለጠጪ ሾፌሮች የቆመው የመጀመሪያ ችሎት በ1995 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ዋና ከተማዋ ላስ ክሩሴስ በሆነችው በዶኛ አና አውራጃ ተከፈተ። የማያሚው ሥርዓት እንዳለ አልተገለበጠም። ዕፅ መያዝ ጉዳቱ በአብዛኛው በተከሳሹ በራሱ ላይ ነው፤ የጠጣ ሾፌር ግን ሌላ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በእነዚህ ችሎቶች እንደ ማያሚው ክስ ማንሳት ብዙም አልተለመደም። ተከሳሹ ጥፋተኛነቱን አምኖ ይገባል፣ ይፈረድበታል፣ ቅጣቱ ላይ ግን ሕክምናና ክትትል ይታከልበታል፤ የሚቀርለት የእስራቱ ዋና ክፍል ነው። ተቺዎች «ጠጪ አሞላቃቂ» ያሏቸውን ያህል፣ በተግባር ከወህኒው የሚከብዱ መሆናቸውን የሚናገሩት ራሳቸው የገቡበት ናቸው። ሠላሳ ቀን ታስሮ መገላገል እየተቻለ ሁለት ዓመት ሙሉ መመርመርን የሚመርጥ ሁሉም አይደለም።

በ2007 የጠጪ ሾፌሮች ችሎቶች የራሳቸውን ብሔራዊ ማዕከል አገኙ፤ የሚመሩባቸው የራሳቸው አሥር መመሪያዎችም አሏቸው። ዛሬ በአሜሪካ ያሉት የሕክምና ችሎቶች በጠቅላላው ከ4,000 በላይ ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል ብዙ መቶዎቹ የሚያዩት ጠጥቶ መንዳትን ብቻ ወይም ጠጥቶ መንዳትን ከዕፅ ጋር አጣምረው ነው።

4. አንድ ቀን በችሎቱ

ወደ ችሎቱ የሚገባው ሁሉም የተያዘ ሾፌር አይደለም። መጀመሪያ ጊዜ የተያዘውና አንድ ሁለት ብርጭቆ ያበዛው ሰው መደበኛ ቅጣቱን ተቀብሎ ይሄዳል። ችሎቱ የሚፈልገው ሁለት ሦስት ጊዜ የተያዘውን ወይም ከተፈቀደው እጥፍ ያህል ጠጥቶ የተገኘውን ነው። መጠጥ ለእርሱ ልማድ ይሁን በሽታ የሚለይ የሕክምና ምርመራ ይደረግለታል፤ ድብርት፣ የጭንቀት ሕመም ወይም ሌላ ሱስ ካለበትም አብሮ ይታያል።

ሥራው የሚጀመረው ችሎቱ ከመከፈቱ በፊት ነው። ዳኛው፣ ዓቃቤ ሕጉ፣ ተከላካይ ጠበቃው፣ የአመክሮ ሠራተኛው፣ የሕክምናው ባለሙያና ብዙ ጊዜም አንድ ፖሊስ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። የእያንዳንዱ ተከሳሽ ሳምንት ይገመገማል፦ ምክር ላይ ተገኝቷል ወይ? ምርመራውን አልፏል? ሥራ አግኝቷል? በተለመደው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት የሚከራከሩት ጠበቃና ዓቃቤ ሕግ እዚህ ጎን ለጎን ናቸው። ለሕግ ባለሙያ ይህ ቀላል ልማድ አይደለም። ጠበቃው የደንበኛውን ምሥጢር እስከ ምን ድረስ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሊናገር እንደሚችል እስካሁንም ያከራክራል።

ከዚያ ተከሳሾቹ ተራ በተራ ይጠራሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሁለት ሳምንቱ፣ አንዳንድ ቦታም በየሳምንቱ መቅረብ ግድ ነው። ዳኛው ስለ ወንጀሉ አይጠይቁም፤ እሱ አልፏል። የሚጠይቁት ስለ ሳምንቱ ነው። ሳምንቱን በደህና ያሳለፈው ተከሳሽ ይመሰገናል፣ ታዳሚው ያጨበጭብለታል፣ የቀጠሮው ርቀት ይረዝምለታል። ምርመራ የዘለለው ወይም የዋሸው የማኅበረሰብ አገልግሎት ይታዘዝበታል፣ አለዚያም አንድ ሁለት ሌሊት ታስሮ ያድራል። ቅጣቱ ትንሽ ይሁን እንጂ ወዲያው ነው የሚመጣው። ሌሎቹ ተከሳሾች ተቀምጠው የሚያዩትም ሆን ተብሎ ነው።

በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል መሣሪያዎች ይሠራሉ። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው አንዱ ዓይነት በየ30 ደቂቃው ላብ ውስጥ ያለውን አልኮል ይለካል። መኪና ላይ የሚገጠመው ሌላኛው ሾፌሩ ቱቦውን ካልነፋና ትንፋሹ ንጹሕ ካልሆነ ሞተሩን አያስነሳም፤ ጓደኛ ነፍቶለት ቢነሳ እንኳ መንገድ ላይ እንደገና ንፋ ይለዋል። ሳይታሰብ የሚጠራው የሽንት ምርመራ ደግሞ መጠጡ ከደም ከጠፋ ከቀናት በኋላም ዱካውን ያገኛል።

ከአሥሩ መመሪያዎች ስምንተኛው ትንሽ ይመስላል፤ የመጓጓዣን ነገር አስቡበት ነው የሚለው። መንጃ ፈቃዱን የተነጠቀ ሰው ሕክምናው ቦታ፣ ችሎቱና ሥራው እንዴት ይደርሳል? የአውቶቡስ ቲኬት የማይሰጥ ችሎት ተከሳሹን ያለ ፈቃድ እንዲነዳ ገፋፋው ማለት ነው። በወረቀት ላይ ያማሩ ብዙ እቅዶች የሚሰናከሉት እንዲህ ባለው ነገር ነው።

5. ውጤቱና ነቀፌታው

ጆርጂያ ውስጥ በሦስት አውራጃዎች የተደረገውና በ2011 በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የታተመው ግምገማ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። በችሎቱ ካለፉት መካከል ጨርሰው የወጡትም ያቋረጡትም ተደምረው 15 በመቶው በድጋሚ ተይዘዋል። በዚያው ጊዜ በሌሎች አውራጃዎች በመደበኛው መንገድ የተቀጡት መጠን 24 በመቶ፣ ችሎቱ ከመቋቋሙ በፊት የነበሩት ደግሞ 35 በመቶ ነበር።

ነቀፌታው ግን ቀላል አይደለም። ወደ ችሎቱ የሚገባው ፈቅዶ ነው፤ ፈቅዶ የሚገባ ሰው ከመጀመሪያውም ለመዳን የቀረበ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡም አለ። የቁርጭምጭሚቱን መሣሪያና የምርመራውን ክፍያ በብዙ ቦታ የሚሸፍነው ተከሳሹ ራሱ ስለሆነ ድሃው ይቸገራል።

ደቡብ ዳኮታ በ2005 የጀመረችው ሥርዓት ደግሞ ክርክሩን ከሌላ ወገን አመጣው። እዚያ ሕክምና አይታዘዝም። ተከሳሹ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጧትና ማታ፣ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ ይነፋል፤ ከጠጣ እዚያው ይታሰራል፣ አንድ ሁለት ቀን አድሮ ይለቀቃል። የራንድ ተቋም ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ጥናት በአውራጃ ደረጃ ጠጥቶ በመንዳት በድጋሚ የሚያዙት በ12 በመቶ ቀንሰዋል። ይህ የሕክምናውን ወገን ደጋፊዎች አላስደሰታቸውም። ለማንኛውም ገለልተኛ አንባቢ ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ ብዙውን ሥራ የሚሠራው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን የክትትሉ ቅርበት ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ላሉ ኢትዮጵያውያን ጠጥቶ መንዳት ሌላም መዘዝ አለው። የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሾፌር መጀመሪያ ጊዜ ጠጥቶ ቢያዝ ፈቃዱን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያጣል፤ ሁለተኛው እስከ ዕድሜ ልክ ሊያሳጣው ይችላል። ዜግነት ያላገኘ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ፣ ክሱ በኋላ ቢሰረዝለት እንኳ ለኢሚግሬሽን ሕግ ጥፋተኝነቱ እንዳለ ይቆጠራል። የወንጀል ጠበቃው ይህን ካላወቀ ደንበኛውን ከእሳት ወደ ረመጥ ነው የሚያወጣው።

6. በእኛ ሕግ ተበታትኖ ያለው

ኢትዮጵያ እንዲህ ዓይነት ችሎት የላትም። ቁርጥራጮቹ ግን አሉ።

የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ ምሁር ዣን ግራቨን ዳኛውን ቅጣት ቆጣሪ ብቻ አላደረጉትም። ያ መንፈስ በ1996ቱ ሕግም ቀጥሏል። ፍርድ ቤት ቅጣቱን በገደብ አድርጎ ጥፋተኛውን በጠባይ ደንብ ሥር ሊያቆየው፣ የሚከታተለው ሰው ሊመድብለት፣ ደንቡን ከጣሰ ገደቡን ሊያነሳበት ይችላል። መጠጥ ቤትን ወደመሳሰሉ ቦታዎች እንዳይሄድ መከልከልም፣ ፈቃድ ማገድም በሕጉ አለ። የኃላፊነት ችሎታው ለተቃወሰ ሰው ደግሞ በባለሙያ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ሕክምና ማዘዝ ይቻላል። ሆን ብሎ ራሱን ያሰከረ ግን «አላወቅሁም ነበር» ብሎ አያመልጥም፤ አንቀጽ 50 ያንን በር ዘግቶታል።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ጉዳዮች ከመደበኛው ክርክር ውጭ በአማራጭ እልባት የሚያገኙበትን መንገድ ተቀብሏል። ልዩ ችሎት ማቋቋምም ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሕፃናት ችሎት ልጁ በሌላ ክፍል ሆኖ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ከጎኑ ተቀምጦ፣ በቪዲዮ እንዲመሰክር ያደርጋል። አዲስ አበባ ከ2015 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በብሉምበርግ የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ከታቀፉት አሥር ከተሞች አንዷ ነበረች፤ የትንፋሽ መለኪያው ሥራም በዚያ ዘመን ተጠናክሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል።

እያንዳንዱ ቁራጭ የሚገኘው በየመሥሪያ ቤቱ ነው። ፈቃዱ ትራንስፖርት ቢሮ፣ መለኪያው ትራፊክ ፖሊስ፣ ገደቡ ፍርድ ቤት፣ ሕክምናው ጤና ቢሮ። አሜሪካኖቹ የፈጠሩት አዲስ ነገር ሕግ አይደለም፤ እነዚህን ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቦታ የሚያስቀምጠውን ጠረጴዛ ነው።

7. ጠረጴዛው ሐረር ላይ ቢዘረጋ

ሐረር ለዚህ ነገር ከምትመቸውም ከማትመቸውም ወገን ናት። የቢራ ፋብሪካዋ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጠምቅ ኖሮ በ2011 ለሄኒከን ተሸጧል። ከተማዋ ሁለት ዓይነት ገበያ እንዳላት ለፋብሪካው ያልተሰወረ ነበርና ከሐረር ቢራና ከሐኪም ስታውት ጎን አልኮል የሌለውን ሐረር ሶፊን ያቀርብ ነበር። መጠጥ በሃይማኖት በሚከለከልበት ቤት ያደገ ሾፌር የሚጠጣው ተደብቆ ነው። ተደብቆ የሚጠጣን ሰው ችሎት ፊት አቁሞ «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ማለት፣ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት በጀጎል ዙሪያ፣ ከእስራት የባሰ ማዋረድ ሊሆን ይችላል። በላስ ክሩሴስ ታዳሚው የሚያጨበጭብበት ሥርዓት እዚህ በዝግ ችሎት መሆን ሳይኖርበት አይቀርም።

ጫቱም አለ። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ንቃት ፍለጋ ይቅማል፤ ምርቃናው እንቅልፍ ሲከለክለው ደግሞ ለጨብሲ ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል። የትራፊክ ፖሊሱ መለኪያ የሚያየው የኋለኛውን ብቻ ነው። መጠጡን ብቻ አክሞ ጫቱን ያልጠየቀ ሐኪም ግማሽ ሥራ ነው የሠራው፤ ከተማዋ ውስጥ ያሉት የሕይወት ፋናና የጀጎል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ግን ሁለቱን አብሮ የያዘ ሕመምተኛ አዲስ አይሆንባቸውም።

የሚመቸውም አለ። ወደ አሜሪካው ችሎት ሰው የሚገባው ፈቅዶ ነው ብለናል። ሐረር ባለጉዳዮቹ ፈቅደው የሚቆሙበትን ፍርድ ቤት ታውቃለች፤ ሕገ መንግሥቱም የቤተሰብ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው ይላል። ሰውን ሳይለቁ መከታተልም ከአፎቻ በላይ የሚያውቅበት የለም። ለሠርግና ለለቅሶ የተሰበሰበው ይህ ማኅበር የቀረውን ሰው ለምን እንደቀረ ይጠይቃል። ደመወዝተኛ የአመክሮ ሠራተኛ በሌለበት ከተማ፣ ሾፌሩ ከፈቀደ፣ ከአፎቻው አንድ የሚከበር ሽማግሌ ተከታታይ ሆኖ ቢመደብ ፍርድ ቤቱን ብዙ ወጪ አይጠይቀውም። የሾፌሩን ምሥጢር የሚያስጠብቅ ደንብ ግን አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ አፎቻ ጠያቂ የመሆኑን ያህል አውሪም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመተዳደሪያው ነገር ነው። ሐረርን ከድሬዳዋና ከጅጅጋ በሚያገናኙት መስመሮች ላይ ከሚሠሩት ሾፌሮች ብዙዎቹ የሚነዱት የሰው መኪና ነው፤ ማታ ለባለቤቱ ገቢውን ያስረክባሉ። ለሕክምና በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን የሚቀር ሾፌር በሌላ ይተካል። ስለዚህ ዳኛው፣ ሐኪሙና ዓቃቤ ሕጉ በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ዙሪያ ለመኪናው ባለቤት ወይም ለባለንብረቶቹ ማኅበርም ወንበር ያስፈልጋል። የአሜሪካዎቹ አሥር መመሪያዎች ይህንን አላሰቡበትም፤ እዚያ ጠጥቶ የሚያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው የራሱን መኪና ነውና።